እናቴ የሰማችው ወስፋት

የመጀመሪያው የበልግ ዝናብ ዲላ ላይ ወርዶ ሲያባራ፣ ከአስፋልቱ ዳርና ከአጥሮቹ ሥር የሚነሳው የአፈር ሽታ ሰውን ሁሉ «አቤት ሲያውድ!» ያሰኛል፤ እኔን ግን ምራቄን ያስውጠኛል። ሽታው ደስ ስለሚለኝ አይደለም፣ አፌ ስለሚያስታውሰው ነው። የምሠራበት የልብስ ሱቅ በር ላይ ቆሜ፣ ባጃጆቹ ውሃ እየረጩ ሲያልፉ እያየሁ፣ ያ መጀመሪያ ልስልስ ብሎ ቆይቶ ጥርስ መሃል ቀጭ ቀጭ የሚለው ቀይ አፈር ምላሴ ላይ ተመልሶ ይመጣል። በልጅነቴ አፈር እበላ ነበር። ይህን ስነግራቸው የሱቁ ልጆች ይስቃሉ። እኔ አልስቅም፣ አላዝንምም፤ የሆነ ነገር ነው።

ያደግሁት ከወናጎ ወደ ላይ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ባለ ቀበሌ ነው። ቤታችን በእንሰት ተከብቦ፣ እንግዳ ሰው ጢሱን ካላየ በቀር ቤት መኖሩን የማያውቅበት፣ ከእንሰቱ ጋር ቡናው፣ ከቡናው በላይ ደግሞ ትልልቆቹ ዛፎች ተደራርበው ፀሐይ ተጣርታ የምትደርስበት ቦታ ነበር፤ መሬቱም ዓመቱን ሙሉ ስለማይደርቅ እግራችን ሁልጊዜ ቀዝቃዛ ነበር። ስሜ ትዕግሥት ነው። የሚያውቁኝ ሰዎች ወላጆችሽ የሌለሽን ነገር ስም አድርገው ሰጡሽ ይሉኛል፤ አንድ ሥራ ላይ ብዙ አልቆይም፣ ወረፋ አልወድም፣ ቁጭ ብሎ ማውራት ይሰለቸኛል። በልጅነቴ ግን ስሙ ልኬ ነበር፣ የተቀመጥኩበት እውል ነበርና። በቤታችን የሚነገረው ጌዴኡፋ ነው፤ ቤት ውስጥ የተባለውን ወደ አማርኛ መልሼ እጽፋለሁ፣ እናቴ ራሷ በአማርኛ ያለችውን ግን እንዳለ አስቀምጠዋለሁ። እናቴ አማርኛን የተማረችው ገበያ ላይ ነው፤ ወንድና ሴት ይደባለቁባታል፣ አንዴ የያዘችውን ቃል ግን አትለቅም።

ጫማ ነበረን። ይህን አስቀድሜ መናገር አለብኝ፣ ምክንያቱም ሰዎች በዚያን ጊዜ ባዶ እግሩን የሚሄድ ልጅ ሁሉ ጫማ የሌለው ይመስላቸዋል። ኮንጎ ጫማ ነበረን፤ ወደ ትምህርት ቤትና ወደ ቤተክርስቲያን አድርገነው እንሄዳለን፣ ስንመለስ ጓሮው መግቢያ ላይ አውልቀን፣ አጥበን፣ ግድግዳው ላይ ካለው ሚስማር ላይ እንሰቅለዋለን። እንሰት ውስጥ በጫማ መግባት እንደ ጥጋብ ይቆጠር ነበር። ሽንት ቤትም ተቆፍሮልን ነበር፣ ክረምት ሲገባ ግን ጉድጓዱ ውሃ ስለሚሞላና እኛ ልጆቹ መውደቅ ስለምንፈራ፣ ከእንሰቱ ኋላ ተቀምጠን፣ በቅጠል ተጠራርገን፣ በማግስቱ እዚያው መሬት ላይ በባዶ እግራችን ድብብቆሽ እንጫወት ነበር። ማንም ሰው ይህ ነውር ነው አላለንም። ቤቱ ንጹሕ ነበር፣ ደጁ ይጠረግ ነበር፣ እናቴ የቆጮ ቅጠሏን እንኳ ሳታጥብ አትጠቀምም ነበር።

ነገሩ የተጀመረው ክረምት ላይ ይመስለኛል፣ ወይም ለእኔ የታወቀኝ ያን ጊዜ ነው። ከምንጩ ውሃ ቀድቼ ዳገቱን ስወጣ፣ መሃል ላይ ጀሪካኑን አስቀምጬ እቀመጥና ልቤ ጆሮዬ ውስጥ ሲመታ እሰማ ነበር፤ ከዛፎቹ ማዶ አንድ ሰው እንጨት የሚፈልጥ እየመሰለኝ ዞር ብዬ የፈለግሁበት ቀን አለ። ታላቅ እህቴ ማርታ የእሷን ተሸክማ ታልፈኝና ትቆማለች።

«ተነሺ እንጂ! ወይስ ጀሪካኑ ይሸከምሽ?»

«መጣሁ።»

«መጣሁ ስትይ ገና ይመሻል። ሰነፍ!»

ከዚያ ተመልሳ የእኔንም ትወስደዋለች፣ እየሰደበችኝ። ማርታ እንደዚያ ናት፤ ስድቡን ሳትጨርስ ሥራውን ትጨርሰዋለች።

አፈሩም የዚያን ክረምት ነው የመጣው። የእንሰቱን ሥር አፈር ቀመስኩ፣ የመንገዱን ዳር ቀመስኩ፣ ከሁሉ የጣፈጠኝ ግን ጢስ የጠገበው የማድ ቤቱ የጭቃ ግድግዳ ነበር፤ በጥፍሬ እየፋቅሁ፣ ሰው ሲመጣ አፌን እየጠረግሁ፣ ከበሩ ኋላ ያለውን ጥግ እጄ እስኪገባ ድረስ ጎድጓዳ አደረግሁት። ቆጮ ሲቀርብልኝ አንገቴን አዞራለሁ፣ ግድግዳውን ሳስብ ግን አፌ ውሃ ይሞላል። ማርታ ደረሰችብኝ።

«እማዬ፣ ትዕግሥት ማድ ቤቱን በልታ ልትጨርሰው ነው! ክረምቱን የት ልናበስል ነው?»

እናቴ መታችኝ፣ ከዚያም ግድግዳውን በእበት ለቀለቀችው፤ እኔ ደግሞ እበቱ ያልደረሰበትን ፈልጌ አገኘሁ። የሰፈሩ ሴቶች ሲያዩኝ ከንፈራቸውን እየመጠጡ «አፈሩ ነው ደሟን የጨረሰው» ይሉ ነበር። ነገሩን በግልባጩ ነበር የያዙት፣ ግን ያን ጊዜ ማን ያውቃል።

እኔ ከመታመሜ በፊት በነበረው ዓመት የጎረቤታችን ልጅ ሞታ ነበር፤ አብራኝ የምትጫወት፣ ከእኔ ትንሽ የምታንስ። መጀመሪያ ከጨዋታ ቀረች፣ ቀጥሎ ፊቷ ነጣ፣ ከዚያ ፊቷና እግሯ አበጠ፣ ከዚያ ለቅሶ ሆነ። ምን እንደገደላት ለልጅ አይነገርም፤ ለትልልቆቹም የነገራቸው ያለ አይመስለኝም። አንድ ጠዋት ከእንቅልፌ ስነሳ እናቴ ፊቴን በሁለት እጇ ይዛ ወደ ብርሃኑ አዞረችው። ዓይኔ ሥር አብጦ ነበር። ለቀቀችኝ፣ ወደ ጓሮ ወጥታ ብዙ ቆየች፣ ስትመለስ ደግሞ ማርታን «ከእንግዲህ ውሃ እንዳትልኪያት» አለቻት። ልጅ ብሆንም የማንን ፊት እያየች እንደሆነ ገብቶኝ ነበር።

መስከረም አልፎ የቡና ለቀማው ሲደርስ አባቴ ወደ ቡና ማጠቢያው ሥራ ገባ፤ በሳምንት አንዴ፣ የተፈለፈለ ቡና ሽታ ልብሱ ላይ ይዞ፣ ይመጣ ነበር። በዚህ ወቅት ነበር ጋሽ ተሾመም ብቅ የሚለው። ጋሽ ተሾመ ከየቤቱ ቡና የሚሰበስብ የዲላ ሰው ነበር፣ ሆዱም ሳቁም ትልቅ የሆነ። ከበራችን ሳይደርስ ገና ከእንሰቱ መሃል «እመቤቲቱ፣ ወስፋቴ ጮኸ!» ይላል፤ እናቴም ትኩስ ቆጮ በጎመን ታቀርብለታለች፣ በልቶ ሲጨርስ ሆዱን ደባብሶ «አሁን ዝም አለ» ይላል። እናቴ ቃሉን ወደደችው። ወስፋት ማለት ረሃብ ማለት ነው ብላ ያዘች፣ ከማን ጠይቃ ታረጋግጥ? እኛም ከትምህርት ቤት ስንመለስ በር ላይ ቆማ፣ በአማርኛ፣ እየሳቀች «ወስፋት መጣ?» ትለን ነበር።

አንድ ቀን ቡናው ሥር ቀይ ቀዩን ስለቅም ቅርንጫፉ ከእጄ ወጣ፣ ቅርጫቱም ተደፋ፤ ከዚያ በኋላ የማስታውሰው የእናቴን ጀርባ ነው። አዝላኝ ቁልቁል እየሮጠች ነበር። ከዋናው መንገድ ሚኒባስ ተሳፍረን ጤና ጣቢያ ደረስን። ወረፋ ጠበቅን፣ ሰገራ ስጪ ተብዬ ሰጠሁ፣ ከጣቴ ደም ተወሰደ፣ እንደገና ጠበቅን። ሲስተሯ ወጣት ነበረች፣ ከሌላ አገር ተመድባ የመጣች፣ ጌዴኡፋ የማትሰማ፣ ከእሷ ፊት ያለው ሰው ብዛት ገና በጠዋቱ ያደከማት። ስሜን ጠራች፣ እናቴ ተነሳች።

«ነይ እናት። ወስፋት ነው።»

እናቴ በደንብ ያልሰማች መስሏት ጠጋ አለች። «ምን?»

«ወስፋት። በጣም ብዙ ወስፋት አለባት። ለዚህ ነው ደሟ የወረደው።»

«የኔ ልጅ? ወስፋት?»

«ምን ይገርማል? እዚህ አካባቢ ወስፋት የሌለበት ልጅ የት አለና?»

እናቴ ቀጥ ብላ ቆመች። አጭር ሴት ናት፣ ያን ቀን ግን ረጅም ነበረች።

«አንተ ቤቴን አይተሃል?» አለቻት።

ሲስተሯ ወደ ኋላዋ ዞር አለች፣ ከኋላዋ ወንድ የቆመ መስሏት። «ቤትሽን?»

«እንሰት አይተሃል? ጉድጓድ ሙሉ ቆጮ አለ! ላም አለ! ጎመን አለ! የኔ ልጅ ወስፋት የለውም!»

ከወረፋው አንድ ሽማግሌ ሊያበርዱ ፈልገው «ኧረ ተይ ልጄ፣ ወስፋት እኮ ሁላችንም አለብን፣ አያሳፍርም» አሏት።

«አንተ ካለብህ ሥራ!» አለቻቸው።

ሰው ሁሉ ሳቀ። ሲስተሯም መሳቅ ቃጥቷት ነበር፣ እናቴ እጄን ይዛ ስትወጣ ግን ከወንበሯ ተነሳች። «እናት! ነይ እንጂ፣ መድኃኒቱን ሳትወስጂ? መድኃኒት አለው እኮ!»

እናቴ በሩ ላይ ዞረች። «የወስፋት መድኃኒት ቆጮ ነው!» አለች፣ ወጣን።

ኅዳርን እንደ በግ ተቀለብኩ። ቡላ ገንፎ በቅቤ፣ አይብ በጎመን፣ ከጎረቤት የመጣ ወተት፣ ማርታ ዓይኗ እያየ እኔ ብቻ የምበላው እንቁላል፣ ሁሉም በተራ ይመጣል፤ እናቴም ከበሩ ውጭ፣ ከመንገድ የሚያልፍ ሰው በሚያየን ቦታ አስቀምጣኝ በእጇ እያጎረሰች፣ «ብዪ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ይቺን ብቻ» ትለኝ ነበር። እኔ እንዳይከፋት እያላመጥኩ ጉንጬ ውስጥ አቆየዋለሁ። አንድ ቀን ማርታ «የእኔም ፊት ይበጥልኝ» አለች፤ እናቴ በጥፊ መታቻት፣ ከዚያ እሷው ራሷ ማልቀስ ጀመረች፣ እኛ ሁለታችን ደግሞ ምን እንደምናደርግ ጠፍቶን ቆምን። የቤተክርስቲያን ሰዎች መጥተው ጸለዩልኝ። ከመካከላቸው አንዱ «ጌታ ሆይ፣ የጎደላትን ሙላላት» ሲሉ እናቴ የጨፈነችውን ዓይኗን ገልጣ አየቻቸው፤ ከሄዱ በኋላም ቤት ውስጥ እየተንጎራደደች «ምን ጎድሏት? ከጤና ጣቢያ ወሬ ደርሷቸው ነው!» አለች። እሷ ባበላችኝ መጠን እኔ ነጣሁ። ምላሴ ነጣ፣ መዳፌ ነጣ፣ ከአልጋ እስከ በር ስሄድ ትንፋሽ አጠረኝ። በእኔ በኩል አድርጋ ማንን እየቀለበች እንደነበር አሁን ነው የማውቀው።

ለገና አክስቴ ዘነበች ከዲላ መጣች። የአባቴ እህት ናት፤ ገበያ ላይ ልባሽ ጨርቅ ትሸጥ ነበር፣ አማርኛዋ የከተማ ነው፣ ድምጿም ከሩቅ ይሰማል። እኔ ጥግ ላይ ተጋድሜ ነበር። እናቴ ጤና ጣቢያ የደረሰባትን ውርደት እየነገረቻት፣ ቆጮውን እየቆረሰች፣ «ልጅሽ ተርባለች አለችኝ፣ በሰው ፊት! በዚህ ቤት!» አለች።

«በምን አፏ? እንዴት ብላ ነው እንደዚያ ያለችው?»

«ወስፋት አለባት አለችኝ!»

አክስቴ ቆጮውን አስቀምጣ ሳቀች። ደረቷን እየደቃች፣ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። እናቴ እንደ እብድ አየቻት።

«አንቺ ሴትዮ፣ ወስፋት እኮ ትል ነው! ሆድ ውስጥ ያለ ትል!»

እናቴ እጇን በቀሚሷ ጠረገች። ከዚያ ቀስ ብላ «ጋሽ ተሾመስ?» አለች።

«ጋሽ ተሾመ ምን?»

«ወስፋቴ ጮኸ የሚለው።»

«ለመቀለድ ነዋ! ሰው ሲርበው ትሉ ጮኸ ይላል፤ የአማርኛ ጨዋታ ነው።»

«እና እስከዛሬ ቆጮዬን ለትሉ ነበር የማቀርበው?»

አክስቴ እንደገና ልትስቅ አፏን ከፈተች፣ ግን ወደ እኔ ዞር ስትል ሳቁ አልወጣም። ተነስታ መጥታ ብርድ ልብሱን ገለጠችና እግሬን በአውራ ጣቷ ተጫነችው፤ የጣቷ ቦታ ጎድጉዶ ቀረ፣ ቶሎም አልሞላ። «ነገ ዲላ ይዣት እሄዳለሁ» አለች፣ ያለ ሳቅ።

«አይሆንም፣» አለች እናቴ። «መድኃኒት አለው ያለችኝ እሷ ናት። እሷ ጋ ነው የምወስዳት።»

ከሁሉም ይህን ነው የማልረሳው። ዲላ ብንሄድ ማንም አያውቃትም ነበር። እናቴ ግን በማግስቱ ለቤተክርስቲያን የምትለብሰውን ነጠላ ለበሰች፣ እኔን አዘለች፣ የተሳቀባት ወረፋ ውስጥ ሄዳ ተሰለፈች። ሲስተሯ ስታየን ወዲያው ነው ያወቀችን። አላሾፈችም። የታችኛውን የዓይኔን ቆብ በጣቷ ወደ ታች ሳብ አድርጋ አየች፣ የሌላውንም አየች።

«እናት፣ ምነው እስከዛሬ አቆየሻት?»

እናቴ መሬት መሬት እያየች «ወስፋት፣ ረሃብ መስሎኝ» አለች።

ሲስተሯ መጀመሪያ አልገባትም። ከዚያ ገባት፣ እጇን አፏ ላይ አደረገች። «ለዚህ ነው እንዴ ቤቴን አየህ ያልሽኝ?» አለች። ቀስ ብላም «እኔም ትል ብል ኖሮ…» ብላ ተወችው። ከዚያ ወደ እኔ እያየች ለእናቴ ነገረቻት፦ ደሟ እጅግ ወርዷል፣ እንዲህ ትንሽ ብትቆይ ልቧ አይችልም ነበር፣ አሁንም መድኃኒቱን ጀምራ በቶሎ ካልተሻላት ደም እንዲሰጣት ወደ ሆስፒታል ትላካለች። እናቴ የእጄን አንጓ ጨብጣ ነበር፣ በጣም ስለጨበጠችው አመመኝ።

«ከየት ገባ?» አለች በመጨረሻ።

«ከመሬት። ይሄኛው ዓይነት እርጥብ አፈር ላይ በባዶ እግሯ ስትሄድ በቆዳዋ ይገባል፤ ሄዶ አንጀቷ ላይ ይጣበቅና ደሟን ይጠጣል። ጫማ አታደርግም?»

«ጫማ አለው!» አለች እናቴ፣ ንዴቷ እየተመለሰ።

«የት አለ?»

«ቤት። ሚስማር ላይ።»

«ታዲያ ከቤታችሁ ወስፋት የማይዘው ሚስማሩ ነዋ» አለች ሲስተሯ።

አፈር እንደምበላም እናቴ ተናገረች፣ ሰዎች አፈሩ ነው ደሟን የጨረሰው እንደሚሉም። ሲስተሯ ራሷን ነቀነቀች፤ አፈር ስለበላች አይደለም ደሟ ያነሰው፣ ደሟ ስላነሰ ነው አፈር ያማራት አለች። ለትሉ የሚሆነውን ክኒን እዚያው አስዋጠችኝ፣ ለእህቴም የሚሆን ሰጠች፣ ከዚያ ሌላ ክኒን አወጣች።

«ይሄ ደግሞ ብረት ነው፣ ደም እንዲተካላት። በየቀኑ ትውሰድ፣ ተሻለኝ ብላ እንዳታቆም።»

«ብረት?» እናቴ ክኒኑን አገላበጠች። «ልጄን ብረት ላብላው?»

«ግድግዳ ስትበላ የቻልሽ እናት፣ ብረት አቃተሽ?»

እናቴ ሳቀች። ከመጀመሪያው የጤና ጣቢያ ቀን ወዲህ ስትስቅ ያየሁት ያኔ ነው።

«በቡና ግን እንዳትሰጪያት። በውሃ ነው።»

«ለምን? ቡና ኃይል አይደለም?»

«ቡና ብረቱን ይዞ ያስቀረዋል፤ ደሟ ጋ አይደርስም።»

«የኛ ቡና?» አለች እናቴ፣ ሌላ አገር ቡና እንደዚያ ቢያደርግ እንደማይገርማት ሁሉ።

«የእናንተም ቡና፣ እናት።»

ከዚያ እናቴ አድርጋው የማታውቀውን አደረገች፤ «ድገምልኝ» አለች። ሲስተሯ ደገመችላት። እናቴ ራሷ በአፏ መልሳ አለችው፣ የተሳሳተችውን ሲስተሯ አረመቻት፣ ሰገራዋ ይጠቁራል እንዳትደነግጪ መባሉን ደግሞ ለብቻው አስደገመች፤ ከኋላችን ያለው ወረፋ እያጉረመረመ፣ እሷ ሳትሰማው፣ አንዱንም ሳታስቀር ይዛ ወጣች።

ጥርና የካቲት ደረቅ ነበሩ። ማርታ ትሎቹ ሲወጡ አያለሁ ብላ እንጨት ይዛ ትከተለኝ ነበር፤ ዓይነቱ በቀላሉ የሚታይ ስላልሆነ ምንም አላገኘችም፣ በጣምም ተናደደች። ክኒኑ ሆዴን ይቆርጠኛል፣ አፌን እንደ ዛገ ቢላዋ ያደርገዋል፣ እናቴ ግን ፊት ለፊቴ ቆማ እስክውጠው ትጠብቃለች። አንድ ቀን ማድ ቤቱ ጥግ ሄጄ ግድግዳውን ፍቄ አፌ ውስጥ ጨመርኩ፤ ጭቃ ነበር። ዝም ብሎ ጭቃ። ተፋሁት። በልጉ ዘንቦ ምንጩ ሲሞላ ማርታን ቀድሜ ዳገቱን ወጣሁ፣ ላይ ደርሼ ዞር ስል ነው እንዳልተቀመጥኩ ያወቅሁት። አስተማሪዬ በወላጅ ስብሰባ ለእናቴ «ይቺ ልጅ አንድ ቦታ መቀመጥ አልቻለችም፣ ክፍሉን ረበሸች» ብሎ ሲከስሰኝ፣ እናቴ እንደ ምርቃት ሰማችው።

በቤታችን ጫማው ከሚስማሩ ወረደ። አባቴ ሽንት ቤቱን ውሃ ከማይደርስበት ከፍ ያለ ቦታ ላይ እንደገና ቆፈረው። በቀጣዩ ለቀማ ጋሽ ተሾመ ከእንሰቱ መሃል «ወስፋቴ ጮኸ!» ሲል፣ እናቴ በር ላይ ወጥታ «ወደ ጤና ጣቢያ ውሰደው!» አለችው። ቆጮውን ግን አቀረበችለት።

እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ዲላ መኖር ከጀመርኩ ቆየሁ፤ እናቴ ገበያ ስትወጣ ትጎበኘኛለች። ባለፈው ክረምት ሆዴ ሲያስቸግረኝ፣ ሰው ሁሉ «ጨጓራ ነው፣ ተልባ ጠጪ» ሲለኝ ከርሞ፣ አንድ ክሊኒክ ገባሁ፣ እሷም ተከትላኝ መጥታ ውጭ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። ዶክተሩ እኩያዬ የሚሆን ልጅ ነው። ኮምፒውተሩን እያየ፣ ኤች ፓይሎሪ ፖዘቲቭ ነሽ፣ ሄሞግሎቢንሽም ቦርደርላይን ላይ ስለሆነ ፎሎው አፕ ያስፈልግሻል አለኝ። «እሺ፣ ገባኝ» ብዬ ተነሳሁ።

«ምን አለሽ?» አለች እናቴ።

«ኤች ፓይሎሪ።»

«እሱ ምንድነው?»

«የጨጓራ ነገር ነው።»

«ደምሽንስ?»

«ቦርደርላይን ነው አለ።»

«ጥሩ ነው መጥፎ?»

ቦርሳዬን አነሳሁ። «እንሂድ እማዬ፣ ስልኬ ላይ አየዋለሁ» አልኳት።

ያኔ በልጅነቴ፣ ጤና ጣቢያው ውስጥ፣ እናቴ ቃሉ የገባት መስሏት፣ ለእኔ ተቆጥታ ነው ጥላ የወጣችው። እኔ ደግሞ አሁን እንዳልገባኝ እያወቅሁ፣ እንዳላፍር ብዬ ነው የወጣሁት። እሷ አንድም ቀን ትምህርት ቤት አልገባችም፤ እኔ ገብቼ የተማርኩት አንዱ ነገር ገባኝ ብሎ ራስን መነቅነቅ ሳይሆን አይቀርም። እናቴ ነጠላዋን አስተካክላ ተነሳች፣ ተራው ደርሶ የቆመውን ሰውዬ «ይቅርታ አባቴ፣ አንዴ» ብላ አልፋ በሩን ከፈተች። እኔ ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ድምጿን ብቻ ሰማሁ።

«አንቺ ዶክተር፣» አለችው፣ «ይሄ ልጅ ምን ሆነ? ቀስ ብለሽ ንገረኝ። እኔ አልቸኩልም።»